በገናው ተሰበረ፣ ጋቢው ታጠበ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ ሚኒያፖሊስ ትማራለች። በገና መደርደር ከጀመረች ዓመት አልፏታል፤ እስካሁን የምትለማመደው ግን በተውሶ ነበር። ለዐቢይ ጾም የራሷ ይኑራት ብዬ ወንድሜ አዲስ አበባ ባለሙያ ጋ አሠራልኝ። ሂሳቡን፣ 350 ዶላር፣ በሐዋላ ላክሁለት። አማቴ ወደዚህ ሲመጡ ይዘውልኝ መጡ፤ አንዲት ጭረት እንኳ አላገኘውም። የካቲት 3 ቀን በሁለት ጋቢ ጠቅልዬ፣ ካርቶን ውስጥ አስገብቼ ላክሁላት። ኢንሹራንስም በ600 ዶላር ገባሁ። ሲደርስ የካርቶኑ አንድ ማዕዘን ተጨፍልቋል። አብራት የምትኖረው ልጅ ፈርማ ተቀበለች። ማታ ሲከፈት ከላይ ያለው አግዳሚ እንጨት፣ ቀንበሩ፣ ለሁለት ተሰብሯል፣ አንዱ ምሰሶም ተሰንጥቋል። ገበቴው (ታች ያለው የድምፅ ሣጥን) እና ቆዳው ደህና ነው። ልጄ በሙጫ ላጣብቀው ትላለች። እኔ መልሺልኝና እዚህ ወደ ላክሁበት ድርጅት ወስጄ ላሳያቸው እላለሁ። ካርቶኑ አለ። ጋቢዎቹን አጥባ አንዱን ለብሳዋለች። ፈርመን ስለተቀበልን መብታችን ተቃጠለ ወይ? 600 ዶላሩንስ እንዴት ነው የምጠይቀው? ከሠሪው የተቀበልሁት ደረሰኝ የለኝም።

የበገናዋ እናት

መልስ፦

ውድ እህታችን፣

ደብዳቤዎን ከሌሎቹ አስቀድሜ ያነሳሁት በሁለት ቃል ምክንያት ነው። «ላጣብቀው» እና «መልሺልኝ»። እባክዎ ዛሬ ማታ ይደውሉላት። ሙጫውን ታስቀምጠው። ወደ እርስዎም እንዳትልከው። በገናው አሁን ባለበት፣ ከነስብራቱ፣ ካርቶኑ አጠገብ ይቀመጥ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ድርጅቱ ዕቃውን ልይ ሊል ይችላል። ሰው ይልካል፣ ወይም ቅርንጫፍ ድረስ አምጡት ይላል። የተጣበቀ ቀንበር ይዛ ብትሄድ የሚያዩት ስብራቱን ሳይሆን ሙጫውን ነው። ወደ ሜሪላንድ ቢመለስ ደግሞ «በየትኛው ጉዞ ነው የተሰበረው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ለሱ መልስ የለዎትም። የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎትም ተጎድቶ የደረሰን ዕቃ መልሳችሁ አትላኩ፣ ከነማሸጊያው አቆዩት ነው የሚለው።

የላኩበትን ድርጅት ስም ከደብዳቤዎ አውጥቼዋለሁ። እዚህ ዓምድ ላይ ማንንም አንከስም። ደግሞም ወገኖቻችን አሜሪካ ውስጥ ዕቃ የሚልኩት በብዛት በፖስታ፣ በዩፒኤስ ወይም በፌዴክስ ስለሆነ የሦስቱንም ደንብ እየጠቀስሁ እሄዳለሁ። የእርስዎን አንስተው ሌላውን ለጎረቤት ያስተላልፉ።

ስለ ፊርማው አይጨነቁ። የልጅዎ ጓደኛ የፈረመችው ካርቶን መቀበሏን ነው። ውስጡ ያለው ሙሉ ነው ብላ አልፈረመችም፤ አላየችውምና። ማዕዘኑ መጨፍለቁን ያኔውኑ ለአድራሹ ነግራ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ባትነግረውም መብቱ አልተቃጠለም። የሚያቃጥለው መዘግየት ነው።

ወደ ቀኑ እንምጣ። ላኩት ያሉት የካቲት 3 ነው፤ በፈረንጅ ፌብሩዋሪ 10 መሆኑ ነው። ፖስታ ቤት ለተጎዳ ዕቃ የሚሰጠው ጊዜ ከተላከበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን ነው። ፌዴክስም አገር ውስጥ ለተላከ ዕቃ 60 ቀን ይሰጣል፣ የሚቆጥረው ከተላከበት ቀን ነው። ዩፒኤስ 60 ቀኑን የሚቆጥረው ዕቃው ከደረሰበት ቀን ነው። የእኛ ወር ሠላሳ ሠላሳ ቀን መሆኑ እዚህ ላይ ጠቀመን፤ ከየካቲት 3 ስልሳ ቀን ቢቆጥሩ ሚያዝያ 3 ላይ ያርፋሉ። በፈረንጅ ኤፕሪል 11 ነው። ቅጹ ላይ ግን የካቲት ብለው እንዳይጽፉ፤ ደረሰኙ ላይ የታተመውን የፈረንጅ ቀን ይገልብጡ። የጠፋ ዕቃ ሲሆን ይድረስ አይድረስ እየተባለ ቀናት ይጠበቃል። የተጎዳ ሲሆን ግን መጠበቅ የለም፣ ነገውኑ ማመልከት ይቻላል። ሚያዝያ 3ን የጻፍሁት ለመጨረሻ ቀን እንጂ ለቀጠሮ አይደለም።

አሁን ዋናው ነገር። ብዙ ሰው ክሌም (የካሳ ጥያቄ) ሲሞላ ጉልበቱን የሚጨርሰው ዕቃው መሰበሩን በማስረዳት ነው። አሥር የስብራት ፎቶ ይልካል። እህቴ፣ መሰበሩን ማንም አይክድዎትም። የሚከራከሩዎት በሁለት ነገር ነው፤ በአስተሻሸግዎና በዋጋው። ውድቅ የሚያደርግ ደብዳቤ ከመጣም አብዛኛውን ጊዜ «በአግባቡ አልታሸገም» ወይም «ዋጋውን የሚያሳይ ማስረጃ አላቀረቡም» ነው የሚለው። ስለዚህ ሥራዎን እዚያ ላይ ያድርጉት።

ከጋቢው ልጀምር። ሳነብ ስቄያለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ጋቢ ለእኛ ጋቢ ነው። ለክሌም መርማሪ ግን ማሸጊያ ነው፣ ማሸጊያ ደግሞ ማስረጃ ነው። ልጅዎ ማስረጃውን አጥባ ለብሳዋለች! ምንም አይደል። ሁለቱም ይጣጠፉና ከካርቶኑ ጋር ይቀመጡ። እኔ ራሴ የባሰ አድርጌያለሁ። ከዓመታት በፊት ለእህቴ የቡና ሲኒ ልኬላት ግማሹ ተሰብሮ ደረሰ። ሲኒዎቹን አስቀምጪ አልኋት። ካርቶኑን ያነሳ ሰው የለም። ቆሻሻ የሚወሰድበት ቀን ደርሶ ካርቶኑ ሄደ። ክሌሙ የተመለሰው በሦስት መስመር ነው፤ ማሸጊያው ስለሌለ ማየት አልቻልንም። ክርክሩ ሳይጀመር አለቀ።

እንግዲህ እውነቱን እንነጋገር። ጋቢ ብርድ ይከላከላል እንጂ ካርቶን ላይ ሌላ ከባድ ካርቶን ሲወድቅ አይከላከልም። በገና ደግሞ ቅርጹ ራሱ ለጉዞ አይመችም። ሁለቱ ምሰሶዎች ከገበቴው ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ቀንበሩ ጫፋቸውን ያገናኛል፣ መሀሉ ባዶ ነው። ያ ባዶ ቦታ ካልተሞላ ከጎን የመጣ ግፊት ሁሉ ቀንበሩ ላይ ነው የሚያርፈው። አሥሩ አውታር ተወጥሮ ከተላከ ደግሞ ቀንበሩ ገና ከቤት ሳይወጣ ሸክም ላይ ነው። ድርጅቶቹ የሚመክሩት በዕቃውና በካርቶኑ ግድግዳ መካከል በሁሉም ጎን ቢያንስ አምስት ሴንቲሜትር ያህል መከላከያ እንዲኖር ነው። ሁለት ጋቢ ሲጠቀለል ያን ያህል ሊወፍር ይችላል፣ ሲጫን ግን ይሟሽሻል። ይህን ያዩታል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ባብል ራፕ ነበር እንዳይሉ። በጋቢ ነው የጠቀለልሁት ይበሉ፣ ስንት ዙር እንደሆነ ይጻፉ፣ መሀሉን በምን እንደሞሉት ይጻፉ። ብርድ ልብስም ጋዜጣም ከነበረ ይጥቀሱ። ፖስታ ቤት ከሆነ የላኩት ቅጹ የፌዴራል መንግሥት ቅጽ ነው፣ እዚያ ላይ ሐሰት መጻፍ ወንጀል ነው። በዚያ ላይ ጋቢው ከካርቶኑ ጋር ሲቀርብ ባብል ራፑ የት ሄደ ይባላል።

ጠበቃዎ ያ የተጨፈለቀው ማዕዘን ነው። ውጪው ደህና ሆኖ ውስጡ ቢሰበር ኖሮ ጥፋቱ ወደ እርስዎ አስተሻሸግ ያደላ ነበር። እዚህ ግን ካርቶኑ ራሱ ተመትቷል። ልጅዎ ይህን ታድርግ። መጀመሪያ ባዶውን ካርቶን ከስድስቱም ጎን ፎቶ ታንሳ። ከዚያ የተጨፈለቀውን ማዕዘን ከቅርብና ከራቅ አድርጋ። የመላኪያው ሌብል ከነትራኪንግ ቁጥሩ ይነበብ። ካርቶኑ ታች ክዳን ላይ ክብ ማኅተም መሳይ ነገር ይታተማል፣ የካርቶኑን ጥንካሬ የሚናገር ነው፤ እሱንም ታንሳው፣ ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። በመጨረሻ በገናውን በጋቢው ጠቅልላ እንደመጣበት አድርጋ መልሳ ካርቶኑ ውስጥ ታስተኛውና ከላይ ታንሳው። ቀንበሩ የተሰበረበት ቦታና ማዕዘኑ የተጨፈለቀበት ቦታ ትይዩ ከሆነ ያቺ አንድ ፎቶ ከገጽ ሙሉ ጽሑፍ ትበልጣለች። ጋቢው ታጥቦ የተመለሰ መሆኑን ግን ከፎቶው ሥር ትጻፈው።

ዋጋው ላይ ደግሞ ትንሽ ላሳዝንዎት ነው። 600 ዶላሩን አይጠይቁ።

በ600 ገባሁ ማለት ቢሰበር 600 ይከፈለኛል ማለት አይደለም። ጣሪያው 600 ነው ማለት ነው። የሚከፈለው የዕቃው እውነተኛ ዋጋ ወይም የጥገናው ወጪ ነው፣ ከሁለቱ ያነሰው። የ350 ዶላር ማስረጃ አያይዞ 600 መጠየቅ የሚያተርፈው ነገር ቢኖር ጥርጣሬ ነው። የአማትዎ ድካም፣ የጾሙ መግባት፣ የልጅዎ እንባ ዋጋ አላቸው፤ ቅጹ ላይ ግን ቦታ የላቸውም።

እግረ መንገዴን፣ ደረሰኝዎን ያውጡና አንድ ቃል ይፈልጉ። «ኢንሹራንስ» ነው የሚለው ወይስ «ዲክሌርድ ቫልዩ» (የተገለጸ ዋጋ)? ፖስታ ቤት የሚሸጠው ኢንሹራንስ ነው። ፕራዮሪቲ ሜይልና ግራውንድ አድቫንቴጅ የሚባሉት የፖስታ ቤቱ አገልግሎቶች ምንም ሳይጨምሩ እስከ 100 ዶላር ይሸፍናሉ፣ ከዚያ በላይ እስከ 5,000 ዶላር ድረስ መግዛት ይቻላል። ዩፒኤስና ፌዴክስ ባንኮኒ ላይ የሚሞሉት ግን ዲክሌርድ ቫልዩ ይባላል፣ ኢንሹራንስ አይደለም። ዋጋ ካልተገለጸ እስከ 100 ዶላር ነው የምንጠየቀው ይላሉ፤ ዋጋ ገልጸው ሲከፍሉ ያንን ጣሪያ ከፍ አደረጉት ማለት ነው። ይህ የቃላት ጨዋታ ይመስላል። ልዩነቱ የሚታየው ክርክር ሲመጣ ነው፤ ኢንሹራንስ ቢሆን የኢንሹራንስ ውሉ ይነበባል፣ ዲክሌርድ ቫልዩ ከሆነ ግን የድርጅቱ የራሱ የአገልግሎት ደንብ ነው የሚገዛዎት። ሰፈር ውስጥ ባለ የማሸጊያ ሱቅ በኩል ልከው ከሆነ ደግሞ ክሌሙ በሱቁ በኩል ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ እነሱን ይጠይቁ።

ደረሰኝ የለኝም ያሉት ግን ትክክል አይደለም። ደረሰኝ አለዎት፤ የሠሪው አይደለም እንጂ። ለወንድምዎ ገንዘቡን በላኩበት ቀን የሐዋላ ድርጅቱ የሰጠዎት ወረቀት፣ ወይም ስልክዎ ላይ ያለው መልእክት፣ ቀንና 350 ዶላር የሚል ነው። አንደኛ ማስረጃዎ እሱ ነው። ወንድምዎ ለሠሪው በቴሌብር ወይም በባንክ ከፍሎ ከሆነ የዚያን ስክሪን ፎቶ ይላክልዎ። በእጅ ከሆነ የከፈለው ሠሪው አሁንም ቢሆን ስሙን፣ የሠራበትን ቀን፣ የተቀበለውን ብርና ፊርማውን አድርጎ አንድ ወረቀት ይጻፍለት። የኋላ ቀን አስመስለው ግን እንዳይጽፉት፤ ዛሬ የተጻፈ መሆኑ ይታወቅ። አማርኛ ቢሆን ችግር የለም፣ ልጅዎ ከሥሩ ተርጉማ ታያይዘው። በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም ስለ በገናው የተጻጻፋችሁትም ይጠቅማል፤ «350 ብትልኪ ይበቃል» የሚል መልእክት ካለ አያጥፉት። ሲሠራ የተነሳ ፎቶ ካለ እሱም ይያያዝ፤ በገናው ከመላኩ በፊት ሙሉ እንደነበር ይመሰክራል።

ሁለተኛው ማስረጃ ከዚሁ ከአሜሪካ ቢሆን ይመረጣል። ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ ከሐበሻ ሱቆች በገናና ክራር የሚሸጥ እንዳለ ይጠይቁ። ይህን የመሰለ በገና እዚህ ስንት ያወጣል ብለው በሱቁ ወረቀት ላይ ያጽፉ። መርማሪው በገና አይቶ አያውቅ ይሆናል። ዋጋውን ከምንም ጋር ሊያስተያየው ስለማይችል አንድ የሚያስተያይበት ነገር ሲሰጡት ሥራውን ያቀሉለታል።

አሁን እኔ በጣም የማስብበት ነገር ላይ ደርሰናል። ገበቴውና ቆዳው ደህና ነው ብለዋል። በገና ውስጥ ድምፁ ያለው እዚያ ነው። ቀንበር ተጠርቦ ይተካል፣ የተሰነጠቀ ምሰሶም በባለሙያ እጅ ይጠገናል። ስለዚህ ለጠቅላላ ዋጋው ሳይሆን ለጥገናው ይጠይቁ የሚል ነው ምክሬ። አንደኛ፣ ጥገናው ከ350 ዶላር ካነሰ እነሱም ከዚያ በላይ አይከፍሉም፤ ከጅምሩ ልክ ሆኖ የቀረበ ጥያቄ ቶሎ ያልቃል። ሁለተኛው የባሰ ነው፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ሙሉ ዋጋ የከፈለ ድርጅት የተሰበረውን ዕቃ ሊወስደው ይችላል። ገንዘቡን ተቀብለው በገናውን ያስረክባሉ ማለት ነው። የተሰበረ ቴሌቪዥን ቢሆን ይውሰዱት እልዎት ነበር። ይህ ግን ለልጅዎ ተብሎ የተሠራ፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣ በገና ነው። እኔ ብሆን አልሰጥም።

ለጥገናው ግምት ልጅዎ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ጊታርና ቫዮሊን የሚጠግን ሰው ጋ ትሂድ። በገና አላውቅም ቢላት አትደንግጥ፣ እንጨት ያውቃል። የምትፈልገው የጽሑፍ ግምት ነው፤ በድርጅቱ ወረቀት ላይ፣ የተሰበረው ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚሠራና ስንት እንደሚያስከፍል። ይጠግነው አላልሁም። ውሳኔ እስኪመጣ ግምት ብቻ። ይህ አይጠገንም ብሎ ከጻፈ ደግሞ ያን ጊዜ ወደ 350ው ይመለሳሉ። ለማንኛውም ክፍያ እንዳለው አስቀድማ ትጠይቀው፤ አንዳንዱ ግምት ለመጻፍም ያስከፍላል።

ማን ያመልክት? በፖስታ ቤት በኩል ለተጎዳ ዕቃ ላኪም ተቀባይም ማመልከት ይችላሉ። እኔ ልጅዎ ብታመለክት እመርጣለሁ። ዕቃው እሷ ጋ ነው፣ ካርቶኑ እሷ ጋ ነው፣ ቅርንጫፍ አምጡት ቢባል የምትሄደው እሷ ናት። እርስዎ የመላኪያውን ደረሰኝ ፎቶ አንስተው ይላኩላት፣ ዋናውን ግን ይዘው ይቆዩ። ሁለታችሁም እንዳታመለክቱ። አንድ ዕቃ ላይ ሁለት ክሌም ሲገባ አንዱ አንዱን ያጓትታል። በግል ድርጅቶቹ በኩል ከሆነ ቼኩ ብዙውን ጊዜ ለላኪው ስለሚወጣ ከመሙላታችሁ በፊት ማን እንደሚቀበል ተነጋገሩ።

ማመልከቻው በድረ ገጻቸው ላይ ይሞላል። የትራኪንግ ቁጥሩን ይጠይቃል፣ የዕቃውን ዓይነት፣ የደረሰውን ጉዳት፣ የሚጠየቀውን ገንዘብ። ጉዳቱን ግለጹ የሚል ሳጥን ሲመጣ ልጅዎ ብስጭቷን እንዳትጽፍበት። እንዲህ ያለ በቂ ነው፤ በእንግሊዝኛ ትገልብጠው፦

«ዕቃው አሥር አውታር ያለው በእጅ የተሠራ የኢትዮጵያ በገና ነው። ቁመቱ ይህን ያህል ነው። በሁለት ወፍራም የጥጥ ጋቢ ተጠቅልሎ፣ በካርቶን ታሽጎ ፌብሩዋሪ 10 ከሜሪላንድ ተላከ። ሲደርስ የካርቶኑ የላይኛው ቀኝ ማዕዘን ወደ ውስጥ ተጨፍልቆ ነበር። በዚያው ማዕዘን በኩል ያለው የላይኛው አግዳሚ እንጨት ለሁለት ተሰብሯል፣ አንዱ የጎን እንጨትም ተሰንጥቋል። የጥገና ግምት፣ የክፍያ ማስረጃና ፎቶዎች ተያይዘዋል። ዕቃውና ማሸጊያው ለምርመራ ተቀምጠዋል።»

የትኛው ማዕዘን እንደሆነ እሷ ታስተካክለው፤ እኔ አላየሁትም። የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ግን እንዳትተዋት። ማሸጊያው ተቀምጧል ብሎ ሳይጠየቅ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው።

ስልክ ከደወላችሁ የደወላችሁበትን ቀንና የተባላችሁትን ማስታወሻ ያዙ። የክሌም ቁጥሩን ሁለታችሁም ዘንድ አኑሩ።

አይሆንም ቢሉስ? አንደኛው አይሆንም የመጨረሻው አይደለም። ፖስታ ቤት ውድቅ ካደረገበት ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ ያም ውድቅ ቢሆን ሌላ አንድ ደረጃ አለ። ይግባኝ ሲሉ ያንኑ ወረቀት ደግመው እንዳይልኩ። የእምቢታ ደብዳቤው ምክንያት ይጽፋል፤ ለዚያ ምክንያት ብቻ ይመልሱ። ዋጋውን አላሳያችሁም ካለ የሱቁን ወረቀት ይጨምሩ። አስተሻሸጉ ካለ የማዕዘኑንና የቀንበሩን ፎቶ ጎን ለጎን አድርገው ይላኩ። ስለ አስተሻሸጉ በግልጽ ልንገርዎት፤ ሊረቱ ይችላሉ። ሁለት ጋቢና አንድ ካርቶን ለበገና ጠንካራ ማሸጊያ አይደለም። ግን ከወዲሁ ተስፋ ቆርጦ አለማመልከት ሌላ ነገር ነው፤ ማዕዘኑ ከባድ ምስክር ነው።

አማትዎን ሳነሳ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ለሌሎች አንባቢዎችም ይሆናል። በገናው በአውሮፕላን ሲመጣ ተሰብሮ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ሌላ ነበር። ኢትዮጵያም አሜሪካም የተቀበሉት የሞንትሪያል ስምምነት የሚባል አለ። በሻንጣነት የተመዘገበ ዕቃ ተጎድቶ ከደረሰ አቤቱታው ለአየር መንገዱ በጽሑፍ መድረስ ያለበት ዕቃውን ከተረከቡ በ7 ቀን ውስጥ ነው። በካርጎ ለተላከ 14 ቀን ነው። የሻንጣ ካሳ ጣሪያው ለአንድ መንገደኛ ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ጀምሮ 1,519 ኤስዲአር ሆኗል፤ ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ነው፣ አንዱ ከአንድ ዶላር ይበልጣል። ሻንጣ ቤት አምጥቶ ከሳምንት በኋላ መክፈት የእኛ ልማድ ነው። አራግፉት፣ በማግስቱ አራግፉት። በሰው እጅ የተላከ፣ «እባክህ ይቺን ዕቃ አድርስልኝ» የተባለ ግን ክሌም የለውም። ወዳጅነት ብቻ ነው ያለው፣ እሱንም በዕቃ ምክንያት አታጡት።

ተጠግኖ ወይም ሌላ ተገዝቶ ዳግመኛ የሚላክበት ቀን ከመጣ፣ አውታሮቹን ያላሉ እንጂ አይፍቱ። በርኩማውን (አውታሮቹን ከቆዳው ከፍ አድርጎ የሚይዘውን እንጨት) ከቆዳው ላይ አውጥተው ለብቻው ይጠቅልሉት፤ ግፊት ሲመጣ ቆዳውን የሚበሳው እሱ ነው። በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ያለውን ባዶ ቦታ በጠንካራ ስፖንጅ ይሙሉት። ከዚያ ባብል ራፕ፣ ከዚያ ካርቶን፣ ከዚያ ያንን ካርቶን የሚውጥ ሌላ ካርቶን፣ መካከሉ ተሞልቶ። ከላይ «ተሰባሪ» የሚል ወረቀት መለጠፍ አይጎዳም፤ ማሽን ላይ የሚንሸራተት ካርቶንን ግን ማንም ቆሞ አያነብለትም። ሳያሽጉ በፊት በየደረጃው ፎቶ ያንሱ። ጋቢውን ከፈለጉ ለብቻው ይላኩላት፣ የሚኒያፖሊስ ብርድ ያስፈልገዋል።

እስከዚያው ልጅዎ የተውሶውን በገና ትጠይቅ፤ ባለቤቱ ጾሙ እስኪፈታ እምቢ የሚላት አይመስለኝም። ማታ ሲደውሉ ደግሞ የካርቶኑን የታች ክዳን ፎቶ እንዳትረሳው ይንገሯት።